አቤሜሌክ፦ የስሙ ትርጉምና የታመነ አገልግሎቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአባቱ ስም ሳይነገር፣ የትውልድ ሐረጉም ሳይቈጠር፣ በአንድ በጎ ሥራ ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ የሚኖር ሰው አለ፤ ይኸውም በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ ቤት ያገለግል የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ታሪኩ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 እና 39 ተጽፏል።

ስሙ በዕብራይስጥ ዔቤድ ሜሌክ ነው። ዔቤድ አገልጋይ ወይም ባሪያ፣ ሜሌክ ደግሞ ንጉሥ ማለት ስለሆነ፣ በእኛ አጠራር ገብረ ንጉሥ እንደ ማለት ነው። ሜሌክ የሚለው ቃል መለከ ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር አንድ ሥር አለው፤ አምላክና መለኮት የምንላቸው ቃላትም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት የተጠቀሰው የጌራራው ንጉሥ አቢሜሌክ ግን ሌላ ነው፤ የእርሱ ስም ትርጉም አባቴ ንጉሥ ነው ማለት ነውና።

በዚያን ዘመን የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ ከተማይቱ በባቢሎን ንጉሥ እጅ እንደምትወድቅ፣ እጁን የሰጠም በሕይወት እንደሚኖር በመናገሩ፣ አለቆቹ የተዋጊዎችን ልብ ያደክማል ሲሉ ከሰሱት። ሴዴቅያስም ሊከለክላቸው አቅም አጥቶ ነቢዩን አሳልፎ ሰጣቸው። እነርሱም በግዞት ቤቱ አደባባይ ወደሚገኘው የመልክያ ጕድጓድ በገመድ አወረዱት። በጕድጓዱ ውስጥ ጭቃ እንጂ ውኃ አልነበረም፤ ኤርምያስም በጭቃው ውስጥ ገባ።

አቤሜሌክ ይህን በሰማ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ፣ ንጉሡ ወደተቀመጠበት ወደ ብንያም በር ሄደ። በዚያም አለቆቹ በነቢዩ ላይ ክፉ እንዳደረጉና ኤርምያስ በረሃብ ሊሞት እንደ ሆነ ገለጠ። ንጉሡ እንኳ የፈራቸውን ሰዎች የከሰሰው በባዕድ አገር የሚኖር አንድ ጃንደረባ ነበር። አቤሜሌክ ፍርሃት የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር በኋላ በላከለት ቃል የሚፈራቸው ሰዎች እንዳሉ ተገልጧልና። እየፈራ ግን እውነትን ተናገረ።

ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ ሄዶ ነቢዩን እንዲያወጣው አዘዘ። አቤሜሌክ አስቀድሞ ከቤተ መዛግብቱ በታች ወዳለው ስፍራ ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ አመጣ። ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይጎዳው ጨርቁን ከገመዱ በታች እንዲያደርግ ነግሮ በቀስታ ሳበው። ምሕረቱ ከሞት በማዳን ብቻ ሳይወሰን ለተጎዳው ሰው ሕመም እስከ መጠንቀቅ ደረሰ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም ፈረሰች። ሴዴቅያስ ልጆቹ በፊቱ ተገደሉ፤ ዓይኖቹም ጠፍተው በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። አቤሜሌክ ግን በእግዚአብሔር ስለ ታመነ፣ ከሰይፍ እንደሚድንና ነፍሱ እንደ ምርኮ እንደምትሆንለት አስቀድሞ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ንጉሡ ዙፋኑን ሲያጣ የንጉሥ አገልጋይ የተባለው በሕይወት ተጠበቀ። የምድራዊ ንጉሥ ሎሌ መሆኑን የሚናገረው ስሙም የሰማያዊው ንጉሥ አገልጋይ መሆኑን የሚመሰክር ሆነ።

በተረፈ ባሮክ እንደተተረከው ደግሞ ነቢዩ ኤርምያስ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ እግዚአብሔርን ለመነ። በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ ከዛፍ ጥላ ሥር አንቀላፋ፤ 66 ዓመትም ተኛ። ሲነቃ በመሶቡ ያለው በለስ እንደ ተለቀመ ትኩስ ሆኖ አገኘው። ባሮክም ይህን አይቶ የሙታን ትንሣኤ ምሳሌ መሆኑን ተረዳ።

ምእመናን ሆይ፥ ብዙዎቻችን በጥምቀት ገብረ ክርስቶስ፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ ተብለን ተሰይመናል። አቤሜሌክ በስሙ የተጻፈውን አገልግሎት በሥራው ፈጸመው። እኛም ወንድማችን በግፍ ጕድጓድ ሲወድቅ አይተን ዝም ካልን፣ አገልጋይ የሚለው ስማችን ከአንደበት አያልፍም። የተጣለውን ለማንሣት ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም ይዘን እንድንሄድ አምላካችን ይርዳን።

የነቢዩ የኤርምያስና የአቤሜሌክ በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።