ዘር ቆጠራን የታዘቡት ሀዲስ ዓለማየሁ

በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁን ነው። ታላላቆቻችን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ያውቋቸዋል።

ሀዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። የቄስ ልጅ ሲሆኑ በደብረ ኤልያስና በሌሎች ቦታዎች የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። ጣልያን በ1928 ሲወረን በራስ እምሩ ሥር ዘመቱ፤ ተማርከውም ጣልያን አገር ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን አገለገሉ። ሹመቱ ግን ካደጉበት ገጠር ሰው ኑሮ ዓይናቸውን አላስነሳቸውም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለዳቸው ይህን ያሳያል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ዘር አጣን እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ ዕድሜዋ ገፋ። ሊያስተምራት የመጣው በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። እርስ በርስ ተዋደዱ፤ ዘር ቆጠራው ግን ለያያቸው፤ መጨረሻቸውም መቃብር ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመን ጉዱ ካሣ ነው። የፊታውራሪው ዘመድ ሆኖ ሳለ የባላባቱን ሥርዓት ስለነቀፈ አገሬው እንደ እብድ ቆጠረው። ሁለቱን ወጣቶች ከልቡ የረዳቸው ግን እርሱ ነበር። ስም ያላቸው ሰዎች ሰብለን ጎዷት፤ ስሙ የጠፋው ሰው አዘነላት። ሀዲስ ሰውን በወሬና በመጀመሪያ እይታ መፍረድ ምን እንደሚያስከፍል እንዲህ አሳዩን።

ይህ የድሮ ጎጃም ታሪክ ብቻ አይደለም። በእኛም ድሬዳዋ፣ ስንት ሕዝብ ተዋልዶ በሚኖርባት ከተማ፣ ልጃችን ለትዳር ስትጠየቅ አስቀድመን የምናነሳው «የማን ልጅ ነው?» የሚለውን ነው። ጠባዩንና ሥራ ወዳድነቱን የምንጠይቀው ኋላ ነው፤ የልጅቷን ፈቃድማ ጨርሶ የምንረሳበት ጊዜ አለ። እናቱ ቀፊራ ጉልት ተቀምጣ ያሳደገችው ልጅ ከማን ያንሳል? ማኅበራችንም አዲስ አባል ስትመጣ የለበሰችውን ቀሚስና የሰፈሯን ወሬ ትቶ ሥራዋንና ቃሏን ማየት አለበት።

ሀዲስ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉን ያላነበባችሁ ከሴት ልጆቻችሁ ጋር አንብቡት፤ ስትጨርሱም በሰብለ ቦታ ብትሆን ምን ትመርጥ እንደነበር ጠይቋት። መልሷንም እስከ መጨረሻው አዳምጡ።