የልብ ዝግጅት በአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔርን ቃል በዘር፥ የሰውን ልብ በመሬት መስሎ እንዳስተማረ ወንጌልን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ዘሪው አንድ፥ ዘሩም አንድ ሲሆን ፍሬው የተለያየው በመሬቱ ምክንያት ነው። የተረገጠው መንገድ ዘሩን ለወፎች ተወው፤ ጭንጫው አብቅሎ አደረቀው፤ እሾሃማው አሳድጎ አነቀው፤ መልካሙ መሬት ብቻ ፍሬ ሰጠ። ይህን ምሳሌ የሚሰማ ገበሬ ነገሩ አይጠፋውም። ዝናም ከመጣሉ አስቀድሞ መሬቱ ካልታረሰ፥ ካልለሰለሰና እሾሁ ካልተመነጠረ፥ ዘሩ ምንም ምርጥ ቢሆን ጐተራ እንደማይሞላ ከአባቱ ተምሮአልና።

እንግዲህ የልብ መሬት የሚታረሰው በምንድር ነው? ብዙ ሰዎች የልብ ዝግጅት ማለት የአእምሮ ፍጥነት ይመስላቸዋል። ቶሎ የሚያጠናውን፥ ሰምቶ የማይረሳውን፥ ለጥያቄ መልስ የማያጣውን ልቡ የተከፈተለት ነው ይላሉ፤ የዘገየውንና የረሳውን ግን ከመንፈሳዊ እውቀት እንደ ተለየ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አእምሮው የፈጠነ ሁሉ ልቡ የተዘጋጀ፥ አእምሮው የዘገየም ሁሉ ልቡ የተዘጋ አይደለም። ለዚህም ምስክር ከሩቅ ሀገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ የሀገራችን ሊቅ፥ የቤተ ክርስቲያናችን ደራሲ አባ ጊዮርጊስ በሕይወቱ አስተምሮናል።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሰግላ ከተባለው ሀገር ስለ ተነሣ ጊዮርጊስ ዘሰግላ፥ ኋላም በጋሥጫ ስለ ተቀመጠ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ተብሎ ይጠራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባል ነበር፤ እርሱም በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ፥ መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ነበረ። ስለዚህ ሕፃኑ ጊዮርጊስ ያደገው ቃለ እግዚአብሔር በሚነበብበትና ዜማ በሚሰማበት ቤት ነው። እንዲህ ካለው ቤት የወጣ ልጅ ፈጥኖ ሊቅ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል።

አባቱም ልጁን ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰደደው። ይህ ገዳም ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐይቁ ውስጥ፥ ዱሮ ደሴት በነበረው ምድር ላይ ይገኛል። በ13ኛው ምዕት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ማኅበሩን አቋቁሞ፥ መጻሕፍትን ሰብስቦ፥ ደቀ መዛሙርትን ያፈራበት ስለ ሆነ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ተማሮች ይሄዱበት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምሮአል። በገዳሙም መምህር አልጐደለም፥ መጽሐፍም አልታጣም፤ ዘሩ በእጅጉ ሞልቶ ነበር።

ነገር ግን ገድሉና የአባቶች ትውፊት እንደሚተርኩት፥ ጊዮርጊስ ለዓመታት ቢማር ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ ከንባብ ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ መጻሕፍት ምስጢር ሲሻገሩ እርሱ ግን ዛሬ ያጠናውን ነገ ያጣው ነበር። መምህሩም ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ አስቦ ወደ አባቱ መለሰው። አባቱ ግን ልጁን ለእግዚአብሔር የሰጠ ስለ ነበረ፥ የሰጠውን መልሶ መውሰድ አልፈለገም። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ባይሆንለት እንኳ ማኅበሩን በጕልበቱ እንዲያገለግል ዳግመኛ ወደ ሐይቅ ሰደደው።

ከዚህ በኋላ ጊዮርጊስ ለመነኰሳቱ እህል ፈጪ ሆነ። ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆመን ብናስብ ይገባናል። በሀገራችን ልማድ እህል መፍጨት ወንዶች የማይነኩት፥ ለሴቶችና ለአገልጋዮች የተተወ ድካም ነበረ። የንጉሥ ካህን ልጅ፥ ለሊቅነት የታሰበው ብላቴና፥ ወገቡን አጕብጦ መጁን ወደ ፊት እየገፋ፥ ወደ ኋላም እየሳበ ሲውል ሲያድር፥ ያዩት ሁሉ ከትምህርት ወድቆ ወደዚህ እንደ ደረሰ ያውቁ ነበር። ውርደቱ የተሰወረ አልነበረም። ከዚህም በላይ፥ እርሱ ሊረዳው ያልቻለውን ትምህርት የሚማሩት ወንድሞቹ እርሱ የፈጨውን እህል እየተመገቡ ይማሩ ነበር። በቅንዓት የሚሸነፍ ሰው ቢሆን ኖሮ መጁን ጥሎ በሄደ ነበር። እርሱ ግን ጸና።

እነሆ፥ የልቡ እርሻ የታረሰው በዚህ ነው። እህል ወደ ወፍጮ ከመግባቱ አስቀድሞ ይበጠራል፥ ድንጋዩም ይለቀማል፤ ከዚያም ከድንጋይ በታች ሆኖ ይደቅቃል፤ ሳይደቅ እንጀራ የሆነ እህል የለም። ጊዮርጊስም እህሉን ሲፈጭ ልቡ አብሮ ይደቅ ነበር። በመዋረዱ ትዕቢት ተበጠረለት፤ በመታዘዙ የገዛ ፈቃዱ ተለቀመለት፤ ወንድሞቹን በማገልገሉ ቅንዓት ደቀቀለት። ይህም ብቻ አይደለም። መፍጨቱን ከጸሎት አልለየውም፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየቆመ የልቡናውን መከፈት በዕንባ ይለምን ነበር። ልብ በሉ፤ ትምህርቱ ስላልገባው ትምህርቱን አልጠላም። ባያገኘውም መውደዱን አልተወም። የተዘጋጀ ልብ ዋና ምልክቱ ይህ ነው፤ እውነትን ከማግኘቱ በፊት እውነትን ይራባል።

ገድሉ እንደሚነግረን እመቤታችን ለጊዮርጊስ ተገልጣ ጽዋዐ ልቡናን አጠጣችው። ከዚያ ወዲህ ተሰውሮበት የነበረው ምስጢር ተገለጠለት፥ ይረሳው የነበረውም ጸናለት። በዚህ ግን መሳሳት አይገባም፤ ጸጋ የወፍጮ ደመወዝ አይደለም። መሬቱን ያረሰ ገበሬ ዝናሙን ሊያዝዘው አይችልም፤ ዝናም ከላይ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ዝናሙ በወረደ ጊዜ የታረሰው መሬት ይጠጣዋል፥ ያልታረሰው ግን በላዩ ያፈሰዋል። ጊዮርጊስ ጸጋውን በገዛ እጁ አልሠራውም፤ ጸጋው በመጣ ጊዜ ግን ማደሪያ አላጣም።

ልቡናው ከበራለትም በኋላ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። የተሰጠውን ስጦታ በትጋት አሳደገው እንጂ፥ ሰማያዊ ጽዋ ጠጥቻለሁ ብሎ መጻሕፍትን አልተወም። ቤተ ክርስቲያናችን በሌሊትና በመዓልት የምትጸልይበትን ሰዓታት ደረሰ። አርጋኖንን፥ ውዳሴ መስቀልን፥ ኆኅተ ብርሃንን፥ ፍካሬ ሃይማኖትንና ሌሎችንም ድርሰቶች የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእርሱ ትሰጣለች። አርጋኖን ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለይ የእመቤታችን ምስጋና ነው። በ1416 ዓ.ም. የፈጸመው መጽሐፈ ምስጢር ደግሞ በበዓላት የሚነበቡ ድርሳናትን የያዘ ሲሆን፥ የሰባልዮስን፥ የአርዮስን፥ የንስጥሮስንና የሌሎችንም መናፍቃን ክሕደት እያፈረሰ ርትዕት ሃይማኖትን ያጸናል። ስለዚህም ሊቃውንት ዳግማዊ ቄርሎስ ብለው ይጠሩታል። አንድ ቃል ለመያዝ ይቸገር የነበረው ብላቴና ሌሎች ለስድስት መቶ ዓመት ሲያጠኑት የሚኖሩትን ቃል ሰጠ።

በሰዓታቱ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በጾመ ፍልሰታ፥ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በየሌሊቱ ሰዓታት ሲቆም ምእመናን እንቅልፋቸውን ትተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጐርፋሉ። ይህን የሌሊት ጸሎት ያዘጋጀልን አባት በወፍጮው አጠገብ የዕንባን ጸሎት የተማረ ሰው ነው። በደስታው ጊዜ የደረሰውን በኀዘኑ ጊዜ ኖሮበት ነበርና ቃሉ እስከ ዛሬ የደከመውን ያነቃል።

ነገር ግን የተዘጋጀ ልብ አንድ ጊዜ ከታረሰ በኋላ ጠባቂ አያስፈልገውም የሚል ቢኖር፥ የጊዮርጊስ ሕይወት ይመልስለታል። በወንጌሉ ምሳሌ ከመንገዱ ሌላ ጭንጫውና እሾሁም አሉና። እሾህ የተባለው የዚህ ዓለም ብዕልና ክብር ነው። ጊዮርጊስ በዐፄ ዳዊት ዘመን በንጉሡ ዘንድ የታወቀ መምህር ሆነ፤ ዕውቀቱ ወደ ቤተ መንግሥት አቀረበው። በዚያ የሚገኘው ክብር ብዙዎችን እንዳነቀ ግልጥ ነው፤ እርሱን ግን አላነቀውም፤ ወፍጮውን የሚያስታውስ ሰው በወንበር አይታበይምና። በጭንጫ የተመሰለው ደግሞ መከራ ሲመጣ ሥር የሌለው ልብ ነው። መከራም በእርሱ ላይ መጣ፤ ገድሉ እንደሚተርከው በነገረ ሠሪዎች ክስ ታስሮ ተሠቃየ። በዚያም ሃይማኖቱን አልለወጠም፥ ብዕሩንም አልጣለም። ስሩ በውርደት ጊዜ ጠልቆ ስለ ነበር ፀሐዩ አላደረቀውም።

በመጨረሻም በወሎ፥ በቦረና ምድር በምትገኘው በጋሥጫ፥ ደብረ ባሕርይ በተባለው ገዳም ተቀመጠ፤ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን ታስበዋለች።

ከዚህ ታሪክ በመጀመሪያ የምንማር እኛ መምህራን ነን። የሐይቁ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታየውን ፈረደ። የታየው ግን ሁሉ አልነበረም። በጉባኤያችን ዳር ተቀምጦ ትምህርቱ የማይያዝለትን ልጅ ለማሰናበት ስንቸኩል፥ ምናልባት የምናሰናብተው ሰዓታትን የሚደርሰውን ሊሆን ይችላል። ተማሪን በፍጥነቱ ብቻ የሚመዝን መምህር በሚዛኑ የጐደለ ነው። የተማሪውን ትሕትና፥ ትዕግሥትና ፍቅረ ትምህርት አይቶ፥ ሌላው ቢቀር ወፍጮውን ሊሰጠው፥ ከቤተ እግዚአብሔር ግን ሊያወጣው አይገባም። ተማሪውም ቢሆን መዘግየቱን የመጥፋቱ ምልክት አያድርገው።

ሁለተኛም ለምእመናን ትምህርት አለው። እኛ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ፋብሪካዎች በበዙበት በአቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ሰዎች ዱቄታችን በመኪና ስለሚፈጭ ድንጋዩንና መጁን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ድካሙን ግን እናውቀዋለን። ሌሊት በፈረቃ ሠርቶ ያደረ፥ ቀኑን በጉልበት ሥራ የዋለ ምእመን እሑድ ስብከት ሲሰማ ዐይኑ ይከብዳል፤ ከደጀ ሰላሙም ሳይወጣ የሰማውን እንደ ረሳ ይናገራል። ይህንም አይቶ ቃለ እግዚአብሔር ለተማሩት ብቻ ነው ወደ ማለት ይደርሳል። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ እንዲህ አትበሉ። ድካማችሁ ራሱ እርሻ ሊሆናችሁ ይችላል። መድከም ብቻውን ግን ልብን አያርስም፤ የሚያማርር ድካም ልብን እንደ ተረገጠ መንገድ ያጠነክረዋል። ከጸሎትና ከትሕትና ጋር የተዋሐደ ድካም ግን ያለሰልሰዋል።

ስለዚህ ልባችንን እንዲህ እናዘጋጅ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመምጣታችን በፊት ከተጣላነው ጋር እንታረቅ፤ ቂም ያለበት ልብ እሾህ የሞላበት እርሻ ነውና። ኃጢአታችንን ለነፍስ አባታችን እንናዘዝ፤ ድንጋዩ የሚለቀመው በዚህ ነው። ወደ ቅዳሴው ከመጀመሪያው እንድረስ እንጂ ምንባባቱ ካለፉ በኋላ አንግባ። ከሰማነውም ሁሉን መያዝ ባንችል አንድ ነገር ይዘን እንሂድ፤ እጃችን በሥራ ሳለ እርሱን በልባችን እናመላልሰው፥ ጊዮርጊስ በወፍጮው ላይ ሳለ ጸሎቱን እንዳልተወ። ባይገባንም አንሰልች፥ የገባውንም ሰው አንቅና፤ ይልቁንም እርሱን እናገልግለው።

ጊዮርጊስ ወደ ወፍጮው በወረደ ጊዜ ሰው ሁሉ ትምህርቱ ያበቃ መሰለው። እግዚአብሔር ግን ትምህርቱን የጀመረለት በዚያ ነው። አምላከ ጊዮርጊስ የእኛንም ልብ አለስልሶ፥ ቃሉን የሚቀበል መልካም መሬት ያድርግልን፤ የእመቤታችን ምልጃ፥ የጻድቁም ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።