ዶክተር ማርሴል ዡኖ (1896-1953 ዓ.ም.)

ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረችበት ዘመን ለቁስለኞች ከቆሙት ሰዎች አንዱ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆኑት ሐኪም ማርሴል ዡኖ ናቸው። ግንቦት 6 ቀን 1896 ዓ.ም. በኑሻቴል ከተማ ከአንድ ፓስተር ተወለዱ። በጄኔቭ ሕክምና ተምረው በቀዶ ጥገና ሥራ ላይ ሳሉ፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። ከጅቡቲ የተሳፈሩበት ባቡርም በእኛው ድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ አደረሳቸው።

ኢትዮጵያ በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ቀይ መስቀልዋን አቋቁማ፣ ቁስለኞችንና ሕሙማንን የሚጠብቀውን የጄኔቭ ስምምነት ተቀብላ ነበር። ኢጣልያም ቀደም ብላ ተቀብላዋለች። ይሁን እንጂ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በደሴ ሆስፒታል ላይ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በመልካ ዲዳ በሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ላይ ቦምብ ወረደ። በመልካ ዲዳ ሕሙማን በተኙበት ድንኳን ውስጥ አለቁ። መጋቢት 20 ቀን ጎረቤታችን ሐረር ስትደበደብም ሆስፒታሎች አልተማሩም።

ዶክተር ዡኖ በዚያው መጋቢት ወር በኮረም፣ የመርዝ ጋዝ ገላቸውን የላጠው ወታደሮች ተኝተው የድረሱልን ጥሪ ሲያሰሙ በዓይናቸው አዩ። የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ ማስረጃ በጠየቀ ጊዜ ግን ኮሚቴው ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ አልሰጠም። ዶክተሩ ያዩትን ለሕዝብ የገለጡት ከዓመታት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ነው። በዚያን ጊዜ ግን ምስክርነቱ ለሞቱት አልደረሰም።

ከኢትዮጵያ በኋላ በእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ምርኮኞችን አስለወጡ። በጳጉሜን 1937 ዓ.ም. ደግሞ 15 ቶን ያህል የሕክምና ዕቃ ይዘው አቶም ቦምብ ወደ ወደቀባት ሂሮሺማ ደረሱ። ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በጄኔቭ ዐረፉ።

በ1997 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ኮሚቴ ያሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ የቆሰለንና የታመመን ያለ ልዩነት መፈለግ፣ ማንሣት፣ ማከምና ከዝርፊያ መጠበቅ በልማድ የጸና ሕግ ነው። ስለሆነም ያልፈረመውን መንግሥት ቀርቶ መሣሪያ ያነሣውን ቡድን እንኳ ያስገድዳል። እኛም ከድሬዳዋ ከተማ እስከ ቢዮ አዋሌ ገጠር ስለ ደጉ ሳምራዊ ስናስተምር፣ ወድቆ የተገኘውን ሰው ከየት ወገን ነህ ብሎ መጠየቅ ቁስሉን ካሠሩ በኋላም የማያስፈልግ መሆኑን ለልጆቻችን እናስረዳ።