መሬትን የአንቴና ግማሽ ያደረገው ማርኮኒ

በመኖሪያ ግቢው የአማተር ሬዲዮ አንቴና ለመትከል የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የቦታ ጥበት ነው። ለዚህ ችግር ዛሬም የሚያገለግል መፍትሔ የተገኘው ከ130 ዓመታት ገደማ በፊት በጣሊያን ገጠር፣ በአንድ ባለርስት እርሻ ላይ ሲሆን፣ ያገኘውም የባለርስቱ ልጅ ጉልየልሞ ማርኮኒ ነበር።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ባለመሬት ሲሆኑ፣ እናቱ አኒ ጀምሰን በዊስኪ ምርት ከታወቀ የአየርላንድ ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። ወጣቱ ምርምሩን የጀመረው በቤተሰቡ የገጠር ቤት ከጣሪያ ሥር በሚገኝ፣ ቀድሞ የሐር ትል ይረባበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 የማሰራጫውን አንድ ጫፍ በምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ሌላውን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘ። ከዚህ በኋላ ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ከኮረብታው ማዶ የተተኮሰ ጠመንጃም መልእክቱ መድረሱን አበሠረ።

የግኝቱ ምስጢር በመሬቱ ላይ ነው። በ40 ሜትር የሞገድ ርዝመት የሚሠራ አግድም አንቴና 20 ሜትር ያህል ሽቦና ሽቦውን ከፍ አድርገው የሚይዙ ምሰሶዎች ይፈልጋል። ማርኮኒ እንዳደረገው ሽቦው ወደ ላይ ሲቆም ግን 10 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ የጎደለውን ግማሽ መሬቱ ይተካለታል። በ20 ሜትር ሞገድ ደግሞ ቁመቱ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በቀጣዩ ዓመት ኩባንያ አቋቋመ። መጀመሪያ የተጠቀመባቸው ረጃጅም ሞገዶች ግዙፍ አንቴና ይጠይቁ ነበር። በፖልዱ የተከላቸውን፣ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ 20 ምሰሶዎች በ1901 ማዕበል ጣላቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን በኒውፋውንድላንድ ደሴት በካይት በተንጠለጠለ ሽቦ ከአትላንቲክ ማዶ የተላከ ምልክት መቀበሉን አስታወቀ። በ1909 ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋራ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው የተረፈው በሽቦ አልባ የድረሱልን ጥሪ ነው።

አንቴናን ወደ ተራ ሰው ግቢ ያቀረበው ግን የአጭር ሞገድ መምጣት ነው። በ1921 የአሜሪካ አማተሮች 200 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ የላኩት ምልክት ስኮትላንድ ውስጥ ተሰማ። ማርኮኒም ኤሌትራ በተባለችው መርከቡ ላይ ሆኖ በአጭር ሞገድ ላይ ሰፊ ሙከራ አካሄደ። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር አንቴናውም ያጥራል።

ለኢትዮጵያውያን የዚህ ሰው ታሪክ ሌላ ገጽም አለው። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር ወረራውን በአደባባይ ደገፈ፤ በብሪታንያው ቢቢሲ ቀርቦ የጣሊያንን አቋም ለማስረዳት ቢሻም ተከለከለ። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ የራሷን ድምፅ ለዓለም ታሰማ ነበር። መሣሪያው ለወራሪም ለተወራሪም እኩል ይታዘዛል።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ውስጥ አረፈ። በዕረፍቱም የብሪታንያ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ጸጥ አሉ።

የትቶት ዘዴ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን እንደምትገኘው ላንቴ ላሉ የሙዝ አምራች ቀበሌዎች ይስማማል። ሙዝ በሸፈነው ግቢ ረጅም ሽቦ አግድም መዘርጋት ያስቸግራል፤ አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ ግን ጥቂት ክንድ ቦታ ይበቃዋል። ከሥሩ በየአቅጣጫው የሚዘረጉት የመሬት ሽቦዎች በሙዙ ረድፎች መካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊቀበሩ ይችላሉ፤ ቦታቸው ካልታወቀ ግን መቆፈሪያ ይቆርጣቸዋል። እርጥብ አፈርም ከደረቅ አሸዋ የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ የኤሌክትሪክ መስመር እንዳይነካ ርቆ መተከል፣ በመብረቅ ወቅትም ሬዲዮው ከአንቴናው መነቀል አለበት። ለማሰራጨት ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።