ሩዝቬልትና የእግራቸው ብረት

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ መመረጣቸው የታወቀ ነው። ያለ ድጋፍ መቆም እንደማይችሉ ግን የመረጧቸው ሰዎች እንኳ በቅጡ አያውቁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ በካናዳዋ ካምፖቤሎ ደሴት ለዕረፍት ሳሉ ብርድ ብርድ ብሏቸው ተኙ። በቀናት ውስጥ እግሮቻቸው አልታዘዝ አሉ። ሐኪሞች የልጅነት ልምሻ ነው አሉ፤ በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ምልክቶቹ ጊላን ባሬ ወደተባለው የነርቭ ሕመም ያደላሉ ሲል ተከራከረ። ስሙ የትኛውም ይሁን፣ ትኩሳቱ አለፈ፤ ሽባነቱ ቀረ።

በ1926 ጆርጂያ የሚገኘውን የዋርም ስፕሪንግስ ፍል ውኃ ከሀብታቸው ትልቁን ድርሻ አውጥተው ገዙ፤ ለመሰሎቻቸውም መታከሚያ አደረጉት። እግራቸው ግን አልተመለሰም። በአደባባይ መራመድ ማለት ለእሳቸው እግራቸውን በብረት አስረው፣ ጉልበቱን ቆልፈው፣ በአንድ እጅ ከዘራ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ጥቂት እርምጃ መሄድ ነበር። ሰው ሲሸከማቸው ፎቶ ላንሳ የሚል ቢገኝ ጠባቂዎቻቸው ይከለክሉታል። መራጩ ይህን የማወቅ መብት አልነበረውም ወይ? ነበረው እላለሁ። ይሁንና በዚያ ዘመን አይቶ ቢሆን ኖሮ ይመርጣቸው ነበር ብሎ የሚምል አይገኝም።

በየካቲት 1945 ግብፅ ውስጥ በጦር መርከብ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አነጋገሩ። መጋቢት ላይ ለኮንግረሱ ተቀምጠው ሲናገሩ ይቅርታ ጠይቀው፣ የእግራቸውን ብረት ክብደት ራሳቸው አነሱ። በሚያዝያ እዚያው ዋርም ስፕሪንግስ አረፉ።

ዋሽንግተን ላይ በ1997 በተመረቀው መታሰቢያ ሐውልታቸው ወንበሩን በካባ ሸፍኖ ነበር። አካል ጉዳተኞች ተቃወሙ። በ2001 በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሌላ ሐውልት መግቢያው ላይ ቆመ።