አልፍሬድ ኢልግ፦ ከአንኮበር አምሳያ እስከ ጅቡቲ ሐዲድ

በ1871 ዓ.ም. ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው አንድ የስዊስ መሐንዲስ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፥ በረሃውን ከቅፍለት ጋር አቋርጦ የአንኮበርን ዳገት ወጣ። ሁለት የእጅ ሙያ ያላቸው የአገሩ ልጆችም አብረውት ነበሩ። ስሙ አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። የመጣውም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በኤደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት አማካይነት ባለሙያ እንዲላክላቸው በጠየቁት መሠረት ነበር።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወልዶ፥ የምህንድስና ትምህርቱን በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ፈጽሟል። በዚያ የለመደው ሥራ በወረቀት ላይ በመስመርና በቁጥር የሚጀመር ነበር። አንኮበር ሲደርስ ግን ፕላን አንብቦ የሚፈርድ ሹም፥ ሲሚንቶ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ጋሪ የሚያስኬድ መንገድ አላገኘም። ያገኘው ጽድና ወይራ፥ ድንጋይና ጭቃ፥ የቀጥቃጭ ወናፍና መዶሻ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ ነገር ለማወቅ እጅግ የሚጓጉ፥ በዓይናቸው ያላዩትን ግን በቀላሉ የማይቀበሉ ንጉሥ አገኘ።

የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ከትምህርቱ የራቁ ነበሩ። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙት ይተረካል። ኢልግ ጫማ ሰፊም ጠመንጃ ሠሪም አልነበረም። ቢሆንም በሌላ እጅ የተሠራውን ፈትቶ ክፍል በክፍሉ እየመረመረ ሁለቱንም ሠርቶ አቀረበ፤ ጠመንጃን ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት እንደሚረክስም ሳይሸሽግ አስረዳ ይባላል። ንጉሡም የእጁን ችሎታ ብቻ ሳይሆን የቃሉን እውነተኛነት ጭምር አወቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአዋሽ ድልድይ ጉዳይ ነው። ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርደው ቅፍለት ክረምት ገብቶ አዋሽ ሲሞላ ማለፊያ ያጣ ነበር። ኢልግ ያሰበውን በቃል ቢያስረዳም በቃል ብቻ የሚጸና ነገር አልነበረምና፥ የድልድዩን ትንሽ አምሳያ (ሞዴል) በእንጨት ሠርቶ አቀረበ። እንደሚተረከው ንጉሡ አምሳያውን በክንዳቸው ቢሞክሩት ተሰበረ። ኢልግ አጠንክሮ ሌላ ሠራ፤ ሁለተኛው የንጉሡን ክንድ ስለ ቻለ ድልድዩ እንዲሠራ ተፈቀደ።

የሙያው ሰው ሁሉ በዚህ ትረካ ላይ ጥቂት ቆም ሊል ይገባዋል። አንድ የእንጨት ድልድይ በአንድ አሥረኛ መጠን በአምሳያ ሲሠራ የምሰሶውና የአግዳሚው ውፍረት ስፋት ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል፤ ክብደቱ ግን ወደ አንድ ሺኛ ይወርዳል። ስለዚህ አምሳያው ከራሱ ክብደት አንጻር ከእውነተኛው ድልድይ አሥር እጥፍ የጠነከረ ይመስላል። የንጉሥ ክንድ የቻለ አምሳያ፥ ድልድዩ የራሱን ሸክም ለመቻሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። ከዚህም ሌላ በአዳራሽ የተቀመጠ አምሳያ ዝናብ አይመታውም፥ ምስጥ አይበላውም፥ ጎርፍም መሠረቱን አይሸረሽረውም። ንጉሡ በአምሳያው ሊረኩ ይችላሉ፤ መሐንዲሱ ግን አምሳያው የማይናገረውን በስሌትና በጥንቃቄ መሙላት ነበረበት። ጋሪ በሌለበት አገር ግንዱን በሰው ትከሻ ወደ ቆላ ማውረድ ግድ ነበርና፥ ድልድዩ የተሠራው በብዙ ሰዎች ድካም ነው።

ከድልድዩ የሚበልጠው የኢልግ ሐሳብ የምድር ባቡር ነበር። ይህንንም ለማስረዳት ትንሽ የባቡር አምሳያ ከነሐዲዱ ለምኒልክ እንዳሳየ ይነገራል። ነገር ግን ሐዲዱ ከአምሳያ ወደ ምድር እስኪወርድ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1870 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ በተደረገው ስምምነት ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው ስለ ነበር፥ እንዲህ ያለውን ሥራ በራሳቸው ሥልጣን ብቻ ለመጀመር አይችሉም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱም ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ የሚዘረጋ ሦስት መስመር የያዘ ነበር። ኢልግ ሌዎን ሼፍኔ ከተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

አምሳያው ያልተናገረው የታየው በዚህ ጊዜ ነው። የሐረር ተራራ ለሐዲድ እጅግ ዳገታማ በመሆኑ መስመሩ ከተማይቱን ትቶ በቆላው አለፈ፤ በዚህም ምክንያት ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የኢሳ ዘላኖች ምድራቸው ሲቆረጥ ተቃወሙ። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የኩባንያው ገንዘብ አልቆ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ገንዘብ ለመስጠት ገብቶ በመስመሩ ላይ ሥልጣን በመያዙ ምኒልክ ተቆጡ፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ ያስገባው፥ ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮም በውጭ ጉዳይ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የሆነው ኢልግ፥ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገርና በቤተ መንግሥት የታመነ ሰው ሳለ ይህን ቋጠሮ ሊፈታ አልቻለም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ኢልግም በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አምሳያውን የሠራውም፥ አምሳያውን ያዩትም ጢሱን ከእንጦጦ ግርጌ ሳያዩት ቀሩ።

አንኮበር ደግሞ በሌላ መንገድ ዋጋውን ከፈለች። ንግዱ ሐዲዱን ተከትሎ ወደ አዲስ አበባ ሲዞር፥ በአልዩ አምባ በኩል ይወጣ የነበረው ቅፍለት ተዳከመ። ከኮረብታው ላይ ከነበረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት፥ ጽዱና ክዳኑ በጉምና በዝናብ አልቆ፥ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። ሐዲዱ የታሰበባት ከተማ ሐዲዱ ሳይደርስባት አረጀች።

ከኢልግ ሕይወት ለሙያው ወራሾች የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው። አምሳያ ባለሥልጣንን ያሳምናል፤ ሥራ ያስጀምራል፤ ስለዚህም የተከበረ መሣሪያ ነው። ዳገቱን፥ ዝናቡን፥ ዕዳውንና መሬቱ የሚወሰድበትን ሰው ግን አያሳይም። እነዚህን አስቀድሞ ማየትና ሳይሸሽጉ መናገር፥ ጠመንጃ ከመሥራት መግዛት ይረክሳል ብሎ ለንጉሥ እንደ መናገር ሁሉ፥ የመሐንዲሱ የራሱ ግዴታ ነው።