የወኅኒ ቤት መርማሪው ጆን ሆዋርድ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በሳር ቤት በኩል ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚሄድ መንገደኛ የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ አይቶ ያልፋል። ይህ ሕንፃ በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ተመርቆ ከመከፈቱ አስቀድሞ በዚያ ስፍራ የነበረው ሕዝቡ ዓለም በቃኝ ይለው የነበረው ወኅኒ ቤት ነው። ስሙ የእስረኛውን ሐዘን በሚገባ ይናገራል፤ ስለ ጠባቂው ግን ምንም አይነግረንም። በየአገሩም ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው የታሳሪው ነገር ነው፤ አሳሪው ከማን እጅ እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚበላና ሥራውን ማን እንደሚመረምርበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን በመጠየቅ ዕድሜውን የፈጸመ ጆን ሆዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ። የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን፤ ስለ እርሱ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሆዋርድ በ1726 በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ የወንበርና የመጋረጃ ልብስ በመሥራት የበለጸገ ነጋዴ ስለ ነበረ በ1742 በሞተ ጊዜ ለልጁ ብዙ ሀብት ተወለት። ልጁ ግን ሰውነቱ ደካማ፣ ምግቡ ጥቂት፣ አለባበሱም ተራ ነበረ። በ1756 ወደ ሊዝቦን ለመሄድ በመርከብ ተሳፍሮ ሳለ የፈረንሳይ የባሕር ወራሪዎች ማርከው ወደ ብሬስት ወሰዱትና ከጓደኞቹ ጋራ በጭድ ላይ እየተኛ፣ እየተራበና እየተጠማ ታሰረ። በምርኮኛ ልውውጥ ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላም በዚያ ለቀሩት ባልንጀሮቹ እየለመነ በርዳታው ብዙ ደከመ። ከዚህ ወዲያ ወደ ርስቱ ሄዶ ለገባሮቹ መልካም ቤት እየሠራ ብዙ ዓመት በጸጥታ ተቀመጠ።

በ1773 የቤድፎርድ አውራጃ ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ። ሃይማኖቱ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ስለ ነበረ ሹመቱን መቀበሉ በሕግ የሚያስጠይቀው ነበረ፤ ሆኖም አልፈራም። ሹመቱ የክብር ሹመት ስለ ሆነ ብዙዎቹ ሸሪፎች የወኅኒ ቤቱን ነገር ለምክትላቸው ይተዉት ነበረ። ሆዋርድ ግን ራሱ ሄዶ አየ። በዚያም በችሎት ቀርበው ነፃ ናቸው ተብሎ የተፈረደላቸው ሰዎች እንደ ገና ታስረው አገኘ። ምክንያቱን ቢመረምር የወኅኒ ቤቱ ሹም ከመንግሥት ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው እስረኛው በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ መክፈል ያልቻለውን ድኻ ዳኛ ቢፈታው እንኳ ሹሙ አይፈታውም።

ሆዋርድም ለሹሙ ከአውራጃው ገንዘብ ደመወዝ እንዲቆረጥለት ለዳኞቹ አመለከተ። እነርሱ ደግሞ ይህ በሌላ አውራጃ ተሠርቶበት እንደ ሆነ ምሳሌ እንዲያመጣላቸው ጠየቁት። ፈረሱን ጭኖ ወደ አጎራባቾቹ አውራጃዎች ወጣ። ምሳሌውን አላገኘም፤ ያው በደል ግን በደረሰበት ሁሉ ይጠብቀው ነበረ። የዳኞቹ ጥያቄ ነገሩን ለማቆየት የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ሆዋርድን ከአንድ አውራጃ ሹምነት አውጥቶ የኤውሮጳ ወኅኒ ቤቶች ሁሉ መርማሪ ያደረገው ይኸው ጥያቄ ነው።

በምርመራው የሹሙን ቃል ሰምቶ ብቻ አይመለስም ነበረ። ክፍሉን ይለካል፤ የእስረኛውን ዳቦ ይመዝናል፤ ውኃ መኖሩን፣ ቄሱና ሐኪሙ ለደመወዛቸው በእውነት የሚመጡ መሆናቸውን፣ ሹሙ ለእስረኞች መጠጥ እየሸጠ የሚያተርፍ መሆኑን ይጠይቃል። የጻፈውንም ለማረጋገጥ ወደዚያው ስፍራ ደጋግሞ ይመለሳል። የወኅኒ ቤቱ ሽታ በልብሱ ላይ እየቀረ በተዘጋ ሠረገላ ውስጥ መቀመጥ ስላልቻለ በፈረስ ይሄድ ነበረ፤ የመዝገቡንም ገጾች በእሳት አጠገብ ሳያናፍስ ሊጠቀምባቸው አይችልም ነበረ። ከሽታው ይልቅ የሚያስፈራው ተስቦ ነበረ። በ1750 ከኒውጌት ወኅኒ ቤት ለፍርድ የቀረቡ እስረኞች ባመጡት ተስቦ የለንደን ከንቲባ፣ ሁለት ዳኞችና ሌሎች ብዙ ሰዎች ሞተዋል። በሽታው በቅማል የሚተላለፍ መሆኑ የታወቀው በ1909 ነውና፣ ሆዋርድ የሚሸሸው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ነበር የሚገባው።

በ1774 በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቀርቦ ያየውን አስረዳ፤ ምክር ቤቱም አመሰገነው። በዚያው ዓመት ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ነፃ የተባለ ሰው ገንዘብ ሳይጠየቅ እንዲለቀቅ፣ ሁለተኛው የእስረኞች ጤና እንዲጠበቅ ያዘዙ ናቸው። ሆዋርድ ሕጎቹን በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ ለየወኅኒ ቤቱ ሹም ላከ። ዳግመኛ ዞሮ ቢመረምር ግን ሕጉ በብዙ ስፍራ ሳይሠራበት አገኘው። ያየውን ሁሉ በ1777 በመጽሐፍ አወጣ፤ የወኅኒ ቤቶቹንም ስም አልሸሸገም።

ነገሩ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ወኅኒ የሚለው ስም የመጣው የጎንደር ነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ ነው። በጥንቱም ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበረ፤ የእስረኛው ስንቅም ከዘመዱ ቤት ይመጣ ነበረ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ወኅኒ ቤቶች አስተዳደር ዐዋጅ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 እስረኛ በሰብአዊ ክብር እንዲያዝ፣ ዘመዶቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ደነገገ። ሆኖም በሰኔ 2010 ዓ.ም. የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ከፍተኛ ኃላፊዎች ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በእስረኞች ላይ ስለ ተፈጸመው ሥቃይ የተደረገውን ምርመራ ለሕዝብ ገለጠ። ዐዋጁም ሕገ መንግሥቱም ያን ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ነበሩ።

ወደ ሆዋርድ እንመለስ። ከእንግሊዝ አልፎ ብዙውን የኤውሮጳ ክፍል ዞረ። በፓሪስ ወደ ባስቲል ደርሶ ከውጭው ደጅ ካለፈ በኋላ መለሱት። በ1786 ተጓዦች በወረርሽኝ ጥርጣሬ የሚዘጉበትን ቤት ሥራ ለማወቅ ወዶ በሚያጠራጥር መርከብ ተሳፍሮ በቬኒስ ተዘጋ። በቤቱ ግን ደስታ አልነበረውም። ሚስቱ በ1765 ልጅ በወለደች በጥቂት ቀን ሞተች፤ ልጁም አድጎ አእምሮው ታወከ። ለእስረኞች የሰጠውን ጊዜ ለአንድ ልጁ አልሰጠም ብለው የወቀሱት ነበሩ፤ ወቀሳውም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም።

በመጨረሻው ጉዞው የሩስያን የጦር ሆስፒታሎች ሲመረምር በኬርሶን ከተማ በንዳድ የታመመች ወጣት ሴት ሊረዳ ሄደና እርሱም በበሽታ ተይዞ በጥር 1790 ሞተ። በሕይወቱ ሳለ ሐውልት ሊያቆሙለት ገንዘብ የሰበሰቡትን ሰዎች እንዲተዉት ለምኖ ነበረ፤ በመቃብሩም ላይ የጸሐይ ሰዓት እንጂ ሌላ ምልክት እንዳይደረግ አዘዘ። የአገሩ ሰዎች ግን ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ ቁልፍ በእጁ የያዘ ሐውልት አቆሙለት።